የቤተሰብ ጤና፦ የኦቫሪ ካንሰር ሲገኝ ምን እንጠይቅ? ለታማሚዋስ ማን ይንገራት?

በዚህ ወር ከወሎ አንድ ወንድማችን በላኩልን ጥያቄ ላይ እንወያያለን። የወንድማችን ባለቤት ሆዷ እየተነፋ፣ ጥቂት ጎርሳ እየጠገበች ለወራት ተቸግራለች። «ጨጓራ ነው» ተብላ መድኃኒት ወሰደች፤ «አሜባ ነው» ተብላም ወሰደች። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ታይታ ሪፈር ተጻፈላትና አዲስ አበባ መጣች። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲደርስ የተነገረው ለባሏና ለታላቅ ወንድሟ ነው። እርሷ የምታውቀው «እጢ አለ» መባሉን ብቻ ነው። ወንድማችን የሚጠይቁን ሁለት ነገር ነው፦ «ስለ ማህፀን ካንሰር ትክክለኛ መረጃ ከየት እናግኝ? ለእርሷስ እንንገራት ወይስ እስክትበረታ እንደብቃት?» አላህ ዓፊያዋን ይመልስላት።

ወንድማችን የውጤቱን ወረቀት ቃል በቃል ገልብጠው ስለላኩልን አንድ ነገር ለማስተዋል ችለናል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማህፀን ካንሰር ሳይሆን የኦቫሪ ካንሰር ነው። ኦቫሪዎች በማህፀን ግራና ቀኝ የሚገኙ፣ ከአውራ ጣት የላይኛው አንጓ ብዙም የማይበልጡ ሁለት አካላት ናቸው። የሴቷ እንቁላል የሚወጣው ከእነርሱ ነው። በአማርኛችን ሁሉም የተስማማበት አንድ ስም ስለሌላቸው ቤተሰብ ሁሉንም ጠቅልሎ «ማህፀን» ይላል። ሆኖም የማህፀን በር ካንሰር፣ የማህፀን ካንሰርና የኦቫሪ ካንሰር ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መነሻቸውም ሕክምናቸውም ይለያያል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልዘገየንበት ነበር። ነገር ግን ቤተሰብ በተሳሳተ ስም መረጃ ሲፈልግ የሚያገኘው የሌላ በሽታ መረጃ ነው። በአገራችን በራዲዮም በጤና ጣቢያም በብዛት የሚነገረው ስለ ማህፀን በር ካንሰር ነው። እርሱ በአብዛኛው የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ክትባት አለው፤ ቀድሞ የሚያሳይ ምርመራም አለው። ይህን የሰማ ባል ስለ ሚስቱ፣ ሚስትም ስለ ባሏ ክፉ ማሰብ ይጀምራሉ። የኦቫሪ ካንሰር ግን ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም፤ ያ ቫይረስም የዚህ በሽታ መንስኤ አይደለም። (የማህፀን በር ካንሰርም ቢሆን ቫይረሱ በጣም የተስፋፋና ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ስለሆነ ለጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም።)

ሌላው ጉዳት ወቀሳው ነው። «ቀድማ ብትመረመር ኖሮ» የሚለውን ቃል ታማሚዋ ከጎረቤት ሳይቀር ትሰማለች። እውነቱ ግን ምንም ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በሙሉ መርምሮ የኦቫሪ ካንሰርን በጊዜ በማግኘት ሞትን የሚቀንስ መንገድ እስከ ዛሬ አለመገኘቱ ነው። በብሪታንያ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ በየዓመቱ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ማድረግ በዚህ በሽታ የሚሞቱትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የማህፀን በር ምርመራም ኦቫሪን አያሳይም። ምልክቶቹም የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት ናቸው፤ ማንም ሰው በጨጓራ ወይም በሽንት ቧንቧ ሕመም ሊያሳብባቸው የሚችሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በ44 አገሮች በሽታው ያለባቸው 1,531 ሴቶች ሲጠየቁ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ከመታመማቸው በፊት ስለዚህ በሽታ ጨርሶ አልሰሙም፣ ወይም ስሙን እንጂ ሌላ አያውቁም ነበር። ስለዚህ እህታችን ያጠፋችው ነገር የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በእኛ አስተያየት ለእርሷ መንገር ይገባል፤ ያውም ሳይዘገይ። በአገራችን ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ቀድሞ የሚሰማው ዘመድ ነው። ይህ ልማድ ከክፋት አልመነጨም፤ ከእዝነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን እናስብ። የተለመደው ቀዶ ጥገና ሁለቱንም ኦቫሪዎች ከማህፀን ጋር ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ መውለድ የለም፤ ገና በዕድሜዋ ያለች ሴትም የወር አበባዋ በድንገት ይቆማል። በሽታው በአንዱ ኦቫሪ ብቻ ሳለ በተገኘባቸው ወጣት ሴቶች ግን ሌላውንና ማህፀኑን ማትረፍ አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። ይህን ከሐኪሙ ጋር ልትነጋገርበት የምትችለው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። ሳታውቅ ብትፈርምና ከወራት በኋላ ብትሰማ በባሏም በወንድሟም ላይ የሚኖራት እምነት ምን ይሆናል?

ሌላም አለ። አንድ ሙስሊም ያለበትን ሁኔታ ሳያውቅ ዕዳውን፣ ዘንዳው የተቀመጠውን አማና፣ ወሲያውን እንዴት ያስተካክላል? እኛ ስንደብቅላት ይህን ዕድል እየወሰድንባት መሆኑን ልብ እንበል። ደግሞም ብዙውን ጊዜ ታማሚዋ ታውቃለች። የሰው ሹክሹክታ፣ የእናቷ እንባ፣ ስልክ ለማነጋገር ከቤት የሚወጣው ባል ሁሉም ይነግሯታል። ብቻዋን እያወቀች ሌሎቹን ላለማስጨነቅ ዝም ትላለች። በአንድ ቤት ሁለት ዝምታ ይሆናል ማለት ነው።

ማን ይንገራት ለሚለው፣ ቢቻል ሐኪሙ ባሏ ወይም እርሷ የምትመርጠው አንድ ሰው ባለበት ይንገራት። ሁሉንም በአንድ ቀን መጫን አያስፈልግም። «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። «ለባለቤቴ ንገሩት፣ እኔ አልሰማም» ካለች ደግሞ ምርጫው የራሷ ነውና ይከበርላት።

መረጃ ከየት ይገኛል ለሚለው፣ የመጀመሪያው ምንጭ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ነው። የናሙናውን ውጤት፣ የሲቲ ስካኑንና የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ግልባጭ ጠይቃችሁ በአንድ ፎልደር አኑሩ። ሐኪም በተቀየረ ቁጥር ታሪክን ከአፍ ከመናገር ይሻላል። ወረቀቱ ናሙናን የሚጠቅስ መሆኑንም እዩ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር አለ አያሰኝም። በወር አበባ ጊዜና በሌሎች የሴቶች ሕመሞችም ከፍ ይላል፤ በእኛ አገር በተለይ የሆድ ቲቢ ይህንኑ ምርመራ ከፍ አድርጎ፣ ሆድ ውስጥም ውሃ አጠራቅሞ የኦቫሪ ካንሰር ሊመስል ይችላል። የሚለየው ናሙናው ነው።

ከዚያ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፤ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ሁሉም ይጠፋል። ዓይነቱ ምንድን ነው? ደረጃው ከአራቱ ስንተኛው ነው? ቀዶ ጥገናው ይቅደም ወይስ ኪሞው? ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው በሴቶች ካንሰር የተካነ ሐኪም ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ማንንም መድፈር አይደለም፤ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች በዚሁ ሙያ የተካኑ ሐኪሞች አሉና ወደ እነርሱ መላክ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሐኪሙ ወንድ ሆኖ ቢገኝ ሴት ሐኪም መጠየቅ ይቻላል፤ ካልተገኘች ግን ለችግር ጊዜ የተፈቀደውን ትተን ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም። ኪሞውን በተመለከተ የተለመዱት መድኃኒቶች ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ሲሆኑ፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ዙር ይሰጣሉ። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ አለ ወይስ ከውጭ ይገዛል የሚለውን ከመጀመሪያው ዙር በፊት እወቁ።

ስለ ስልኩ ጥቂት እንበል። ምርመራው በተሰማ ማግስት ከጅዳም ከዋሽንግተንም ዘመድ ቪዲዮ ይልካል። ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሚናገረው ማን ነው? በመጨረሻ የሚሸጠው ነገር አለ? ጥቁር አዝሙድም ማርም በቤታችን የተከበሩ ናቸው፤ ሕክምናውን ትታ በእነርሱ ብቻ እንድትድን የሚነግራት ሰው ግን ጊዜዋን እየወሰደባት ነው። ከኪሞው ጎን የምትወስደው ቅጠልም ሆነ ዱቄት ካለ ለሐኪሙ ይነገር። ከልጆቻችሁ እንግሊዝኛ የሚያነብ ካለ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ለታማሚዎች የሚያዘጋጃቸው ጽሑፎች የሚታመኑ ናቸው። እዚያ የሚገኙት ቁጥሮች ግን በጥንቃቄ ይነበቡ። በአሜሪካ በሽታው ከተገኘባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ፤ ከኦቫሪው ሳይወጣ ከተገኘባቸው ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል። እነዚህ በሌላ አገር፣ በሌላ ሕክምና፣ ከዓመታት በፊት የታመሙ ሴቶች ቁጥሮች ናቸው። የእህታችንን ዕድሜ የሚናገር ቁጥር የለም።

ድጋፍን በተመለከተ፣ ከክፍለ አገር የሚመጣን ሰው ከሕክምናው እኩል የሚያስጨንቀው ማደሪያው ነው። በደም ካንሰር ባረፈ ሕፃን ስም እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመጡ ችግረኛ ታማሚዎችን በማሳረፍ ይረዳል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ በአዲስ አበባ በየቤቱ እየሄደ ሕመም የሚያስታግስ አገልግሎት ይሰጣል። ይህ አገልግሎት ለሞት ለተቃረበ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ሕክምና እየተከታተሉም ሕመምን ማስታገስ ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ የሪፈሩን ሰንሰለት ሳታቋርጡ ኑ፤ ሽፋኑ እስከ ምን እንደሚደርስም እዚያው ሆስፒታል ጠይቁ። የጎደለውን ለመሙላት ለመስጊዳችሁ ጀመዓ መናገር ነውር አይደለም፤ ችግረኛ ታማሚ ዘካ ከሚገባቸው መካከል ናትና።

በቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ቋሚ አስታማሚ ይመደብ፤ ቀጠሮውን፣ መድኃኒቱን፣ ፎልደሩን የሚይዝ። ኪሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ታማሚን መጠየቅ ትልቅ ሱና ነው፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ግን በስልክ ዱዓእ ቢያደርግላት ይበልጥ ይጠቅማታል። ሃያ ሰው በአንዲት ክፍል ተሰብስቦ «እገሌም በዚሁ ሞተች» ከሚል፣ አንዲት ጎረቤት ልጆቿን አብልታ ብትመልስላት ይሻላል። ጸጉሯ በኪሞው ይረግፋል፤ ከጨረሰች በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። ረመዷን በሕክምናው መካከል ቢገባ በሱረቱል በቀራህ 185ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው የተሰጠ ፈቃድ አለ፤ ዝርዝሩን ከሐኪሟና ከምታምኑት ዓሊም ጋር ተነጋገሩ።

በመጨረሻ ወንድማችን ያልጠየቁን፣ ግን ሴት ልጆች ያሏቸው በመሆኑ ልናነሳው የሚገባ ጉዳይ አለ። ጥቂት የማይባለው የኦቫሪ ካንሰር ብራካ 1 እና ብራካ 2 ከሚባሉ፣ ከእናትም ከአባትም ሊወረሱ ከሚችሉ የዘረ መል ለውጦች ጋር የተያያዘ ነው። በእናት ወይም በአባት ወገን የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር የነበረባት አክስት ወይም አያት መኖሯን እህታችን ራሷ ከማንም በላይ ታውቃለች። ይህን ለሐኪሙ ልትነግረው የምትችለው ግን ምን እንደታመመች ሲነገራት ነው።