የወታደሩ ቤተሰብ የት ይደር?

አንድ የጦር ክፍል ወደ አንድ ከተማ ተዛውሮ አዲስ ሰፈር ሲመሠርት አስቀድሞ የሚታየው አጥሩ፣ በሩና ዘበኛው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ለጊዜው አይታይም። ይኸውም ባሏን ተከትላ የቤት ዕቃዋን በጭነት መኪና አስጭና የምትደርሰው የወታደር ሚስት፣ ትምህርቱን በመንፈቀ ዓመቱ አቋርጦ አዲስ ትምህርት ቤት የሚፈልገው ልጅ፣ በልጃቸው ደመወዝ የሚጦሩት አሮጊት እናት ናቸው። ለወታደሩ አልጋው በሰፈሩ ውስጥ ተዘርግቶለታል። ቤተሰቡ ግን የሚያድርበትን ጣሪያ ከከተማው ሕዝብ ዘንድ መፈለግ ይኖርበታል። ይህ እንደ አንድ ሰው የግል ችግር ተቆጥሮ የሚተው ነገር አይደለም። የሠራዊቱ መንፈስና የከተማው ሰላም አብረው የተያያዙበት ጉዳይ ነው።

ይህን ስንል በጎረቤታችን በሱዳን የደረሰውን እናስታውሳለን። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ካርቱም ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት አል-ማንሺያ በተባለው የመኖሪያ ሰፈር አጠገብ ያልፋል። ሰፈሩ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል በወንዙ ዳር የሚገኝ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ድልድይ ከወንዙ ማዶ ካለው ከምሥራቅ ናይል ጋር ያገናኘዋል። እንደ ሐሰን አል-ቱራቢ ያሉ ስመ ጥር ሰዎች ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። የሱዳን ጦር ጠቅላይ መምሪያ የሚገኘው በከተማው መካከል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ነው። የፈጥኖ ደራሹ ኃይልም በዚያው በካርቱም በስፖርት ከተማው አካባቢ ሰፍሮ ነበር። በሁለቱ መካከል ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳ የጦር ሰፈርና የመኖሪያ ሰፈር ተለይቶ አልታየም። ነዋሪው በገዛ ቤቱ ውስጥ በተኩስ መካከል ተያዘ። ከዚያም ሸሽቶ በወጣበት ቤት የታጠቀ ሰው ገባበት።

አል-ማንሺያና ድልድዩ በጦሩ እጅ ተመልሰው የገቡት ጦሩ ካርቱምን መልሶ በያዘበት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ገደማ ውስጥ ግን ብዙ ቤት ተመዝብሯል፤ ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችንም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው መመለሳቸውን የምዕራብ ጎንደር ሕዝብ በዓይኑ አይቷል። የመንግሥቱና የጦሩ አመራር በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ፖርት ሱዳን ሲዛወር፣ ተፈናቃዩም ሹሙም በአንድ ጊዜ ወደዚያች የወደብ ከተማ ስለ ጎረፈ የቤት ኪራዩ ከተራው ነዋሪ አቅም በላይ ናረ። ካርቱም ከተመለሰች በኋላም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የታጠቁ ኃይሎች ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከከተማይቱ እንዲወጡ ትእዛዝ ተሰጠ። ነዋሪው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ከተፈለገ መሣሪያ ከደጃፉ መራቅ እንዳለበት የታመነው ይህን ያህል ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የጦር ሰፈር ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ተደባልቆ ሊሠራ እንደማይገባ ነው። የወታደሩ ቤተሰብ ከሰፈሩ በእግር ወይም በአጭር የአውቶቡስ ጉዞ የሚደረስበት ቦታ ቢኖር መልካም ነው። ከአጥሩ ሥር ተጠግቶ መኖሩ ግን ለቤተሰቡም ለጎረቤቱም አደጋ ነው። ሁለተኛው፣ በመሣሪያ ኃይል የተገባበት ቤት ለገባበትም ቤት ሊሆነው እንደማይችል ነው። ሰፈር የሚሆነው በስምምነት፣ በውልና በጉርብትና ነው።

ይህን ለመማር ካርቱም ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። አባቶቻችን ተሰሪ የሚሉት ነገር ነበር። ጦሩ በየገበሬው ቤት እየተመደበ ይሰፍር፣ የገበሬውን እህል ይበላ፣ በምድጃው ይሞቅ ነበር። ገበሬው ልጁን ያገባ ይመስል ድግስ ሳይጠራ ይደግሳል። ቂሙ ግን ውስጥ ለውስጥ ይበስላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አሥራት እንዲከፈልና ገበሬው በምትኩ ከተሰሪ እንዲያርፍ የደነገጉት ጦር የሚሸከመውን ሕዝብ ካማረረ ጦርነቱ ሳይጀመር እንደተሸነፈ ስለ ተረዱ ነው።

የኑሮ ችግር ከወታደሩም በኩል ምን እንደሚያስከትል የቅርቡ ታሪካችን ያስረዳል። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ያመፀው በመጀመሪያ በሌላ ነገር ሳይሆን በምግብና በውኃ ጉዳይ ነበር። የበላይ አዛዡ በንቀት ያለፈው ትንሽ የሚመስል አቤቱታ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛምቶ በዓመቱ የሆነውን ሁሉ አስከተለ። በዓመቱም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ታወጀ፤ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ዛሬም በብዙ ከተሞች የቀበሌ ቤት እያልን የምንጠራው ከዚያ የተረፈ ነው። የዚያ አዋጅ ፋይዳና ጉዳት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ነገር ግን የቤት ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ዛሬ የዝውውር ትእዛዝ የደረሰው ባለ ሌላ ማዕረግ ወይም መስመራዊ መኮንን የሚገጥመው ምንድን ነው? ደላላው ከሰፈሩ በር ላይ ይጠብቀዋል። ቤቱ ትናንት የነበረው ኪራይ ሠራዊቱ መምጣቱ ከተሰማ ወዲህ ሌላ ሆኗል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል። አንዳንዱም «ወታደር ነገ ይሄዳል» ብሎ ጭራሽ አያከራይም። ጭማሪው የሚጎዳው ደግሞ ወታደሩን ብቻ አይደለም። በዚያው ሰፈር የሚኖረው መምህር፣ የቀን ሠራተኛና ባልቴት በዚያው ዋጋ እንዲከፍሉ ይገደዳሉ። በዚህም ምክንያት ያልበደላቸውን ወታደር እንደ በዳይ ያዩታል።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የውኃና የመብራት ዕዳ ሳይከፍል ዕቃውን በሌሊት አስጭኖ የሄደ፣ የአከራዩን በር ሰብሮ ሳይጠግን የተወ የእኛም ሰው አለ። አንዱ የሠራው ጥፋት ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ዐሥር ቤተሰቦች በር ይዘጋል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን መሣሪያ ሰጥቶናል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ኪራይ የሚጨመረውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን እንጂ እንደ አከራዩ ፈቃድ አይደለም። አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች የመወሰኑ ሥልጣን የየክልሉ ነው። ስለዚህ አዲስ የጦር ሰፈር የሚቋቋምበት ከተማ ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር እንዲገባ መደረግ ይኖርበታል።

ከዚህ ተነሥተን ለየድርሻው እናሳስባለን። የጦር ክፍሎች አዛዦች የሰፈሩን ቦታ ሲመርጡ የቤተሰቡን ማደሪያ ከጥይት ግምጃ ቤቱ እኩል ያስቡበት። ከጦሩ አስቀድሞ አንድ ጓድ ሄዶ የሚከራዩትን ቤቶች ብዛትና ዋጋ፣ የውኃውን ሁኔታና የትምህርት ቤቱን ቦታ ቢያጠና ደላላ በር ላይ አይቆምም። የከተማው አስተዳደር ለሠራዊቱ ቤተሰብ በአንድ ጥግ የተለየ ሠፈር ከመከለል ይልቅ በየቀበሌው ተሰባጥረው እንዲኖሩ ቢያደርግ ይመረጣል። አከራዮች ቋሚ ደመወዝተኛ ተከራይ ማግኘት በረከት መሆኑን ይገንዘቡ። ወታደሩም ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ ድንገተኛ ዝውውር ቢመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ከአከራዩ ጋር ተስማምቶ በውሉ ያስገባ፤ ሲለቅም ቤቱን እንደ ተረከበው ያስረክብ።

የወታደሩ ሚስት በዕድር ተመዝግባ፣ ልጇ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ያየ ወታደር በግዳጅ ላይ ሳለ ልቡ ወደ ኋላ አይልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ከሁሉ በላይ የሚሠራው ለእሱ ነውና። የከተማው ሰውም አጥሩን አይቶ የሚሰጋው በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሰው ሳያውቅ ሲቀር ነው። የሚያውቀው ከሆነ አይሰጋም። በአል-ማንሺያ ቤቶች ላይ የደረሰው የጦር መሣሪያ ከጉርብትና ሲለይ የሚሆነውን አሳይቶናል። በእኛ ከተሞች ግን ወታደሩ በውል ተከራይቶ፣ በክብር ኖሮ፣ ተመርቆ የሚሸኝ ጎረቤት እንዲሆን ማድረግ በእጃችን ነው።