ሹመት አማና ነው፤ ሰፈርስ የማን ነው?



በየሰፈራችን ቆሻሻ ሲከመር፣ ቦይ ሲደፈን፣ የመንገድ መብራት ሲጠፋ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ሹሞቹ የት ሄዱ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሹመት አማና ነውና የተቀበለው ሰው ሊጠየቅበት ግድ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ ጎን የሚቆም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «እኛስ የት ነን?» የሚለው ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ እንመለከት ዘንድ ከአገራችን ወደራቀች አንዲት ከተማ እንሄዳለን።

ከተማዋ ሱራባያ ትባላለች። በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኝ የወደብ ከተማ ስትሆን በሕዝብ ብዛት ከጃካርታ ቀጥላ ትጠቀሳለች። ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ሲሆን አብዛኛው ሙስሊም ነው። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 ከባድ ችግር ገጠማት። ኬፑቲህ በተባለው ስፍራ የነበረው የቆሻሻ መጣያ ያስመረራቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ተቃውሞ አስነሡና መጣያው ተዘጋ። ከዚያም የከተማው ቆሻሻ መሄጃ አጥቶ በየመንገዱ ተከመረ። ያን ጊዜ ሱራባያ አንድ ቁም ነገር ተማረች፤ ከደጃችን አውጥተን የጣልነው ሁሉ የሌላ ሰው ደጅ ላይ እንደሚያርፍ!

መፍትሔው ከየት መጣ? ከፊሉ ከወጥ ቤት መጣ ብንል ማጋነን አይሆንም። ታካኩራ የተባሉ ጃፓናዊ ባለሙያ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው አንድ ቀላል ዘዴ አዘጋጁ። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጡ በካርቶን ይለበጣል፤ የበሰለ ብስባሽ ይጨመርበታል፤ ከዚያም የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ በየዕለቱ ተከትፎ እየገባ ይገላበጣል። ሽታ ሳይኖረው፣ ትል ሳያፈራ በአጭር ጊዜ ማዳበሪያ ይሆናል። የከተማው አስተዳደር ቅርጫቱን በብዙ ሺህ ቁጥር ለነዋሪዎች አደለ። አሠራሩን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያስተማሩት ግን በአብዛኛው የየሰፈሩ የቤት እመቤቶች ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መጣያ የሚሄደው ቆሻሻ ከ20 በመቶ በላይ ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የከተማዋን የጽዳትና የመናፈሻ መሥሪያ ቤት እንዲመሩ የተሾሙት ወይዘሮ ትሪ ሪስማሃሪኒ ነበሩ። በሙያቸው አርክቴክት ሲሆኑ የተማሩትም እዚያው ሱራባያ ነው። ሕዝቡ «ቡ ሪስማ» ይላቸዋል፤ «ቡ» ማለት በአገሩ አነጋገር እናት ማለት ነው። እኚህ ሴት ባዶ መሬቶችን መናፈሻ አደረጉ፤ በጎዳና ዳር ዛፍ አስተከሉ። መጥረጊያ ይዘው መንገድ ሲጠርጉ መታየታቸውም የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመርጠው የሱራባያ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ። ሕዝቡ የተጣላበት የኬፑቲህ መጣያም ከጊዜ በኋላ ቤተሰብ የሚንሸራሸርበት መናፈሻ ሆነ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ በግዙፍ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ የሚከፈለውን ግብር ከፍ አደረጉ። ከተማዋ የሰሌዳ ጫካ እንዳትሆን መፈለጋቸው አንዱ ምክንያት ነበር። በዚህ ሳቢያ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ከሥልጣን እንዲነሡ ወሰነ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ውሳኔውን ስላልተቀበሉት በቦታቸው ቆዩ። የሕዝብን ጥቅም ማስቀደም ወንበርን ሊያስነጥቅ እንደሚችል ከዚህ እናያለን። አማና የሚፈተነውም በዚህን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የዶሊ ጉዳይ ነበር። ዶሊ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከታወቁት የዝሙት ንግድ መንደሮች አንዱ ሲሆን ቤቶቹ ከቤተሰብ መኖሪያዎች ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ሕፃናት ሲወጡና ሲገቡ የሚያዩት ይህንኑ ነበር። ይዘጋ ሲባል ብዙዎች ደስ አላቸው። ነገር ግን የሚበላው ከየት ይምጣ? የሚል ጩኸትም ተነሣ። ሴቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ምግብ ሻጩም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ ተሽከርካሪ ጠባቂውም እንጀራቸው እዚያ ነበርና ተቃውሟቸውን በአደባባይ አሰሙ። ሆኖም እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 2014 የመዘጋቱ ውሳኔ በከተማው የእስልምና ማዕከል ታወጀ። ለሴቶቹ መቋቋሚያ ገንዘብና የሙያ ሥልጠና ተመደበ። አንዳንዶቹ የዝሙት ቤቶች በአስተዳደሩ ተገዝተው የሥራ ቦታ ሆኑ፤ የሰፈሩ ሰዎችም ጫማ መስፋት ጀመሩ። ገንዘቡን አንቀበልም ያሉም ነበሩ፤ ገቢያችን ቀነሰ ብለው ያዘኑም ነበሩ። ይህን መደበቅ አይገባም። መጥፎን ነገር መዝጋት የሥራው ግማሽ ነው፤ የተዘጋበትን ሰው እንጀራ ማሰብ ደግሞ ሌላው ግማሽ ነው። ሁለተኛውን የዘነጋ ሹም ችግሩን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ያዛውረው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም።

ከተማዋ በቤተሰብ ኑሮ ላይም ሠርታለች። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ እናቶች ምግብ ማዘጋጀትን፣ የእጅ ሥራንና ንግድን ተምረው ገቢ እንዲያገኙ የሚረዳ ፕሮግራም ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የከተማ አውቶቡስ ደግሞ ሲጀመር ክፍያው ገንዘብ ሳይሆን የፕላስቲክ ቆሻሻ ነበር። ሦስት ትልልቅ ወይም አምስት መካከለኛ ጠርሙስ፣ አለዚያም አሥር የፕላስቲክ ኩባያ ያስረከበ ሰው ይሳፈር ነበር። በየቦዩ ይጣል የነበረው ጠርሙስ ዋጋ አወጣ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በተደረገው ምርጫ ቡ ሪስማ ከመቶ 86 ያህሉን ድምፅ አግኝተው በድጋሚ ተመረጡ። በ2020 መጨረሻ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከተማዋን ለቀቁ። በ2024 ለምሥራቅ ጃቫ ገዥነት ተወዳድረው አላሸነፉም። ሹመት እንዲህ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሠራተኞቻቸውን በሰው ፊት በቁጣ ይገሥጹ ስለነበር ይህን ያልወደዱላቸውም አሉ። እኛም የምናነሣቸው እንከን የሌላቸው ናቸው ለማለት አይደለም። ከተማ በአንድ ሰው ቁጣ አይጸዳም፤ በአንድ ሰው ደግነትም ጸድቶ አይቆይም። ሹሙ ሲሄድ የሚቀረው ነዋሪው የለመደው ነገር ነው።

እንግዲህ ውድ ወላጆችና ወጣቶች፣ ከዚህ ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ ሹም መጠየቅ አለበት፤ አጠያየቁ ግን ሥርዓት ይኑረው። ቡና ላይ ማማረር ማንንም አያስጨንቅም። የሰፈር ሰዎች በዕድርም ሆነ በሌላ ስብሰባ ሲገናኙ አንድ ችግር መርጠው፣ በጽሑፍ አዘጋጅተው፣ ተወካይ ልከው፣ «መልሱን በዚህ ቀን እንጠብቃለን» ቢሉ ኃላፊው መልስ ከመስጠት አያመልጥም። ቀና ኃላፊ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነዋሪ እንደ ጋሻ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ የሠራ ሲገኝ ይመስገን፤ ይታገዝም። በጎ ሠሪ ሹም ብቻውን ሲቀር ይደክማል፤ ጥቅማቸው የተነካባቸው ሰዎች ግን አይደክሙም።

ሦስተኛ፣ ሥራው ከቤት ይጀመር። ልጣጩን ከፕላስቲኩ መለየት በጀት አይጠይቅም። አባት ከመኪና መስኮት ጠርሙስ ሲወረውር ያየ ልጅ ስለ ንጽሕና ምክር ቢሰማ በየትኛው ጆሮው ይቀበለው? ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማንሣት በጎ ሥራ እንደሆነ በመድረሳ የተማረ ልጅ፣ እንቅፋቱን የሚጥለው የገዛ ቤተሰቡ ከሆነ ትምህርቱ ወዴት ይሄዳል?

ወጣቶች ሆይ! ነገ ከመካከላችሁ ቀበሌ የሚመራ፣ ወረዳ የሚያስተዳድር፣ ከተማ የሚረከብ ይኖራል። ያ ሰው ዛሬ የሰፈሩን ቦይ የሚያየው እንዴት ነው? እንደ ራሱ ጉዳይ ነው ወይስ እንደ ሌላ ሰው? አማና የሚለመደው ማኅተም በተሰጠ ቀን ሳይሆን ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ በሰፈር ነው።

አላህ አማናቸውን የሚጠብቁ ሹሞችን፣ ድርሻቸውን የሚያውቁ ነዋሪዎችንም ያብዛልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።