በሐይቅና በደን መካከል ከአውቶሞቢል የተለየ መንገድ

ሰው በቢሲክሌት ላይ ተቀምጦ አገር ለማየት በተነሣ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የመንገዱ ርቀት ወይም የዳገቱ ክብደት አይደለም፤ ከኋላው የሚመጣው አውቶሞቢል ነው። ዓይኑ በቀኝና በግራ ያለውን ውሃና ዛፍ ለመመልከት ቢመኝም ጆሮው ዘወትር ከጀርባው የሚሰማውን የሞተር ድምፅ ይጠብቃል። ገጭቶ ይጥለኛል እያለ የሚሠጋ ሰው የአገሩን ውበት የሚያስተውልበት ልብ አያገኝም፤ ልጆቹንም አስከትሎ ለመውጣት ከቶ አይደፍርም። ስለዚህ በሐይቅና በደን አገር በቢሲክሌት መዘዋወር እውነተኛ ደስታ የሚሆነው መንገዱ ከአውቶሞቢል የተለየ እንደ ሆነ ነው። ይህንንም ነገር በትዕግሥት አስቦ ከፍጻሜ ያደረሰ አንድ ጠቅላይ ግዛት በቤልጅግ አገር ይገኛል፤ ስሙም ሊምቡርግ ይባላል።

ሊምቡርግ በቤልጅግ ሰሜን ምሥራቅ፤ ከሆላንድ ጋራ በሚዋሰንበት በኩል ያለ ግዛት ነው። ዋና ከተማው ሃሰልት ይባላል፤ በአጠገቡም ጌንክ የሚባል ከተማ አለ። በዚያ በኩል ያለው መሬት አሸዋማ ስለ ሆነ ገበሬውን የሚያጠግብ አልነበረም፤ በቀድሞ ዘመን ቍጥቋጦ የለበሰ የበግ መሰማሪያ ሜዳ ነበር። ውሃ በሚቋጥረው ዝቅተኛ ስፍራ ግን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰዎች ዓሣ ለማርባት ኩሬ ይቆፍሩ ነበር። ከዚያም የተነሣ ዛሬ ደ ዌየርስ በሚባለው አካባቢ ያሉት ኩሬዎችና ትንንሽ ሐይቆች ቢቈጠሩ ከ1,000 ይበልጣሉ።

በ1901 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አንድሬ ዱሞን የተባለው ሊቅ አስ በምትባል መንደር መሬቱን አስቆፍሮ የድንጋይ ከሰል አገኘ። ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ሰባት የከሰል ማዕድኖች ተከፈቱ፤ ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከግሪክና ከቱርክ አገር ሳይቀር ሠራተኞች መጡ። ከመሬት በታች የሚቆፈረው ዋሻ እንዳይናድ ብዙ የእንጨት ምሰሶ ያስፈልግ ስለ ነበረ አሸዋማው ሜዳ ፓይን የሚባለው ዛፍ ተተከለበት። ይህ ዛፍ ለማዕድን ሥራ የተመረጠበት ምክንያት የሚያስደንቅ ነው። ቀጥ ብሎ ከማደጉ በቀር፤ ሸክም ሲበዛበት ከመሰበሩ አስቀድሞ ይንቋቋል፤ ሠራተኛውም ድምፁን ሰምቶ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ዛሬ መንገደኛው ከጥላው በታች የሚያልፍበት ደን አብዛኛው መነሻው ይኸው ነው። እንግዲህ ሐይቁን ዓሣ አርቢው፤ ደኑን ከሰል ቆፋሪው እንደ ሠራው ማስተዋል ይገባል፤ እንግዳው የተፈጥሮ ሀብት መስሎት የሚያደንቀው አገር በሰው ድካም የተበጀ ነው።

የከሰሉ ዘመን ግን አላፊ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. የዝዋርትበርግ ማዕድን ይዘጋ ተብሎ በታወጀ ጊዜ ሠራተኞቹ ተቃውመው በተነሣው ሁከት ሁለት ሰዎች ሞቱ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የመጨረሻው የዞልደር ማዕድን ተዘጋ። አባትና ልጅ ተከታትለው የሠሩበት ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ጠፋ፤ የቀረው የአፈርና የድንጋይ ክምር፣ ባዶ ሕንፃ፣ ባቡር የማይሄድበት ሐዲድና ባለቤቱ የማይቈርጠው ደን ነበር። ብዙ አገር እንዲህ ያለ ጕዳት በደረሰበት ጊዜ አዲስ ፋብሪካ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የሊምቡርግ ሰዎችም ፋብሪካ መፈለጋቸው አልቀረም፤ ነገር ግን በእጃቸው ያለውን መመልከትንም አልናቁም።

ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ በዚህ ጊዜ ያሰበው ነገር እጅግ ቀላል ነው። ከመሬት በታች ያለው የማዕድን ዋሻ መንገዱ የተወሳሰበ ስለ ሆነ ሠራተኛው እንዳይጠፋ መስቀለኛው ሁሉ በቍጥር ይታወቅ ነበር። ቦለን ይህንኑ ሥርዓት ከጨለማው አውጥቶ በብርሃን ላይ ተከለው። በግዛቱ ውስጥ ጸጥ ያሉ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ቍጥር የተጻፈበት ምልክት ቆመ፤ ከምልክቱም ላይ ወደ ቀጣዮቹ ቍጥሮች የሚያመለክት ቀስት ተደረገ። ይህም ሥራ በ1995 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። መንገደኛው በማለዳ ካርታውን ዘርግቶ የሚያልፍባቸውን ቍጥሮች በትንሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ቍጥር እየተከተለ መሄድ ብቻ ነው። ቢደክመው በሚቀጥለው መስቀለኛ ወደ ቤቱ ይታጠፋል፤ ብርታት ቢሰማው ሌላ ቍጥር ይጨምራል። ቀድሞ በየስፍራው የተዘጋጀው ክብ መንገድ ግን የጀመረውን ሰው እስከ መጨረሻ የሚያስር ነበር፤ ልጅ ቢያለቅስ ወይም ዝናብ ቢመጣ መውጫው አይታወቅም።

በዚህ ነገር ውስጥ ሊታይ የሚገባው ወጪው ነው። ምሰሶ፣ ምልክትና ካርታ እንጂ አዲስ ጐዳና አልነበረም፤ አብዛኛው መንገድ አስቀድሞ የነበረ ነው። የደን ጠባቂ የሚሄድበት፣ ገበሬ ወደ እርሻው የሚሻገርበት፣ የከሰል ባቡር ይመላለስበት የነበረው መሥመር፣ ደግሞም በ1939 ዓ.ም. ሥራው በተፈጸመው በአልበርት ቦይ ዳር ያለው መንገድ፤ ይህ ሁሉ ተቀጣጥሎ ዛሬ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኗል። እርግጥ ሁሉም ክፍል ፈጽሞ አውቶሞቢል የማይገባበት ነው ቢባል ሐሰት ይሆናል፤ የገበሬ ትራክተርና የመንደር ሰው መኪና የሚያልፍበት ስፍራ አለ። ቢሆንም መንገዱ ሲመረጥ ፈጣኑ ጐዳና ተለይቶ ስለ ቀረ መንገደኛው ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ቢውል ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የወፍ ድምፅና የራሱን ጎማ ነው። ሥርዓቱም መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ በቤልጅግ የቀሩት የፍላንደርስ ግዛቶች ተከተሉት፤ ከዚያም ወደ ሆላንድና ወደ ጀርመን ተሻገረ።

ዓለም ግን ሊምቡርግን የሚያውቃት በዚህ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በጌንክ አጠገብ ቦክራይክ በተባለው ስፍራ በኩሬ መካከል የሚያልፍ መንገድ ተሠራ። ርዝመቱ 212 ሜትር፤ ስፋቱም 3 ሜትር ነው። መንገዱ በውሃው ላይ እንደ ድልድይ አልተንጠለጠለም፤ ኩሬውን ለሁለት ከፍሎ በግንብ መካከል ወደ ታች ወረደ እንጂ። ቢሲክሌት የሚነዳው ሰው ውሃው በሁለት ወገን እስከ ዓይኑ ድረስ ከፍ ብሎ ይታየዋል፤ ዳክዬም በትከሻው ትክክል እየዋኘ ያልፋል። የእስራኤል ልጆች ባሕሩን የተሻገሩበትን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ያ ታሪክ ትዝ ሳይለው አይቀርም። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ቦስላንድ በሚባለው ደን፤ ሄክተል ኤክሰል በተባለው ወረዳ፤ 700 ሜትር የሚሆን መንገድ በዛፎቹ መካከል ክብ እየሠራ ቀስ በቀስ እስከ 10 ሜትር ከፍታ እንዲወጣ ተደረገ። አካሄዱ የተለዘበ ስለ ሆነ ሽማግሌም ሕፃንም ሳይጨነቅ ወደ ዛፉ ጫፍ ይደርሳል። በሆኸ ኬምፐን ብሔራዊ ፓርክም በ2021 ዓ.ም. በቍጥቋጦው ሜዳ ላይ የሚያልፍ ረጅም የእንጨት ድልድይ ተጨመረ።

የእነዚህ ስፍራዎች ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ዞሯል፤ ውበታቸውም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፉን አይቶ ለአገሩ እንዲህ ያለውን የሚመኝ ባለሥልጣን ሁሉ ዓመቶቹን አስተያይቶ ማየት ይገባዋል። በውሃው መካከል ያለው መንገድ የተሠራው ቍጥሮቹ ከቆሙ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። መንገደኛው ከመጀመሪያውም ነበረ፤ በየመንደሩ ቡና የሚያፈላለትና አልጋ የሚያከራየው ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆይቷል፤ 212 ሜትሩ ለዚህ ሁሉ የተጨመረ ጌጥ ነው። ጌጡ ብቻውን ቢሠራ ኖሮ ሕዝቡ በአውቶሞቢል መጥቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለስ ነበር፤ ጸጥታ ፍለጋ የተሠራውም መንገድ የአውቶሞቢል ማቆሚያ ይወልድ ነበር።

የሥራው ጽናት ደግሞ በጥበቃ ላይ ነው። ምልክት በነፋስ ይወድቃል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ተንኰለኛ ልጅም ቀስቱን አዙሮት ይሄዳል። አንድ ምልክት ብቻ ቢጠፋ ቍጥር የሚከተለው መንገደኛ በደን መካከል ግራ ይጋባል። ስለዚህ በሊምቡርግ በጎ ፈቃደኞች መንገዱን ተከፋፍለው እየዞሩ ይመረምራሉ፤ የጐደለውንም ለሚመለከተው ክፍል ያስታውቃሉ። ይህ ሥራ የምረቃ በዓል አይደረግለትም፤ ጋዜጣም እምብዛም አይጽፍለትም፤ ዳሩ ግን ያለ እርሱ 2,000 ኪሎ ሜትሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተራ የገበሬ መንገድ ሆኖ በቀረ ነበር።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲያነብ ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ሳያስብ አይቀርም። ሁለቱም ከተሞች በሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ የተቈረቈሩ ናቸው፤ በሁለቱም ቢሲክሌት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የተማሪና የሠራተኛ መሄጃ እንጂ ብርቅ ነገር አይደለም። መንግሥትም ከ2020 እስከ 2029 ዓ.ም. የሚሠራበት የእግረኛና የቢሲክሌት መጓጓዣ መመሪያ አውጥቷል፤ በአዲስ አበባም በታደሱት ጐዳናዎች ዳር የቢሲክሌት መንገድ ተለይቶ ተሠርቷል። ይህ ሁሉ መልካም ሲሆን በከተማ ውስጥ ነው። ከከተማው ዳር ባሻገር ግን ቢሲክሌት የያዘ ሰው ከጭነት መኪና ጋራ በአንድ አስፋልት ይጋፋል።

ቢሲክሌት ለሽርሽር ማለት ለባለጸጋ የሚሆን ነገር ነው፤ ብዙ የሚቀድም ሥራ አለ፤ የሚል አይጠፋም። ይህ ክርክር ለቤልጅግ ቢሆን ጥቂት እውነት ይኖረው ይሆናል። በኢትዮጵያ ግን ከአውቶሞቢል በተለየ መንገድ ላይ ከእንግዳው በፊት የምትሄደው እንሥራ የተሸከመች ሴት፣ ደብተሩን የያዘ ተማሪ፣ አህያውን የሚነዳ ገበያተኛ ናቸው። እንግዳው ለአንድ ቀን የሚፈራውን መኪና እነርሱ በየዕለቱ ይፈሩታል። ስለዚህ መንገዱ ለእነርሱ ተለይቶ ቢጠበቅ፤ አገር ጐብኚው በእነርሱ ዕድል ገብቶ ይጠቀማል እንጂ የእነርሱን ድርሻ አይወስድም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም የደን መንገድ ለቢሲክሌት ይሁን ማለት ተገቢ አይሆንም። ለምሳሌ በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ፤ በቡናው ደን ውስጥ ከገዳም ወደ ገዳም የሚወስደው መንገድ የመነኮሳቱና የምእመናኑ እግር ያወጣው ነው፤ እንዲህ ባለው ስፍራ አስቀድሞ የሚጠየቁት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ አይሆንም ካሉም ምልክቱ ከደኑ በር ላይ ሊቆምና እንግዳው ወርዶ በእግሩ ሊገባ ይገባል።

እንግዲህ ሊምቡርግ የጀመረችበት ሥራ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ቢሲክሌታቸውን ይዘው ከሐይቁ ዳር ተነሥተው፤ የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚጨቀይ፣ የትኛው በማን ማሳ እንደሚያልፍ፣ ከየትኛውስ ዛፍ ሥር የሚጠጣ ውሃ እንደሚገኝ፣ አስፋልቱንም ሳያቋርጡ እስከ ምን ድረስ መሄድ እንደሚቻል በደብተር ጽፈው ቢመለሱ፤ ቍጥር የሚጻፍበት የመጀመሪያው ምሰሶ የሚተከልበት ስፍራ በዚያው ደብተር ውስጥ ይገኛል።