የሐኪም ቤት ጸሓፊና የአለቃው ጆሮ

ሐኪም ቤት ሲባል የሰው አሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሐኪሙና ወደ አስታማሚዋ ነው። ነገር ግን በሽተኛው ከሐኪሙ ፊት ከመድረሱ አስቀድሞ በመዝገብ ቤቱ መስኮት፥ ከዚያም በገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ማለፉ አይቀርም። በዚያ የተቀመጠው ጸሓፊ የሚፈጽመው ስሕተት በሽተኛውን እስከ መርፌው ድረስ ይከተለዋል።

ከካርቱም መኻል ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው በዴም ሰፈር ይህ ነገር ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ የሚታይ ነበር። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. እስኪነሣ ድረስ ዴም ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩበት፥ ቡናውና እንጀራው የማይታጣበት ሰፈር ነበርና፥ ለሕክምና የሚመጣው ሐበሻ ስሙን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይናገራል፤ ጸሓፊው በዐረብ ፊደል ይጽፋል። የዐረብ ፊደል ለ«ገ» ቀጥተኛ ምልክት ስለሌለው፥ አንዱ ጸሓፊ በሱዳን ልማድ በ«ቃፍ»፥ ሌላው በግብጽ ልማድ በ«ጂም» ይጽፈዋል። «ቸ» እና «ጰ» ሲመጡማ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ገብረ መድኅን የተባለ አንድ ሰው በአንድ መደርደሪያ ላይ የሁለት ሰው ወረቀት ሊኖረው ይችላል። አንድ መድኃኒት እንደማይስማማው በመጀመሪያው ወረቀት ተጽፎ ሳለ፥ ሐኪሙ የሚያየው ሁለተኛውን ይሆናል።

ይህን ያስተዋለች አንዲት ጸሓፊ አለች እንበል። ወደ አለቃዋ ቀርባ «ስሙ በሁለት ዐይነት እየተጻፈ ነውና አንድ ደንብ ይውጣልን» ብላ ብታመለክት፥ «አንቺ የተቀጠርሽው ለመጻፍ እንጂ ለመምከር አይደለም» ተብላ ብትመለስ፥ ወረቀቱ የጠፋ ዕለትም ጥፋቱ የእርስዋ ተብሎ ከደመወዝዋ ቢቆረጥ፥ ሁለተኛ ቃል ትናገራለችን? አትናገርም። ባልደረቦችዋም ከእርስዋ ይማራሉ። ይልቁንም በሰው አገር ያለ ሠራተኛ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን እያሰበ ከአገሬው ሰው አብልጦ ዝም ቢል አይደንቅም። አለቃው ግን ዝምታውን አይቶ መሥሪያ ቤቱ ሰላም የሆነ ይመስለዋል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር እ. ኤ. አ. በ1996 ባወጡት ጥናት በሆስፒታል ክፍሎች የሚደርሰውን የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ሲመረምሩ፥ በጥሩ ሹም የሚመሩት ክፍሎች የበዛ ስሕተት ተመዝግቦባቸው አገኙ። ለጊዜው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን በእነዚያ ክፍሎች ሠራተኛው ስሕተቱን ሳይፈራ ይናገራል፤ በሌሎቹ ዘንድ ይሰወራል አሉ። ነጋዴም ይህን ሳያነብ ያውቀዋል፤ የሱቁ ጸሓፊ ጉድለቱን ፈርቶ የሸፈነ እንደ ሆነ ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በሐኪም ቤት ግን የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ጸሓፊዋ ምን ታድርግ? ታገሺ ማለት ከሩቅ ለሚመክር ሰው ቀላል ነው። ያየችውን ጉድለት ከነቀኑ ብትጽፍ፥ ማመልከቻውንም ግልባጩን አስቀርታ ብትሰጥ፥ ሁለት ሦስት ባልደረቦችዋን ብታስፈርም ነገሩ የግል ቂም ነው ከመባል ይድናል። ከአለቃዋ የደረሰባትን ቁጣ ግን በመስኮቱ ፊት በቆመው በሽተኛ ላይ ማራገፍ የለባትም፤ ይህም በየሐኪም ቤቱ የሚታይ ክፉ ልማድ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቅልፍዋን የሚነሣት ከሆነ ሌላ ሥራ መፈለግዋ ነውር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ. ኤ. አ. በ2019 እንዲህ ያለውን መዛል ሲመዘግብ በሽታ አላለውም፤ በሥራ ቦታ የሚደርስና መላ ካልተበጀለት ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው አለ። እንግዲህ ኀላፊነቱ በሠራተኛይቱ ትከሻ ብቻ የሚጫን አይሆንም።

በጦርነቱ የካርቱም ሐኪም ቤቶች ብዙዎቹ ተዘርፈዋል፥ ተዘግተዋል፤ የዴምም ሰው ከፊሉ በመተማ በኩል፥ ከፊሉ በሌላ መንገድ ተበትኖአል። በመጋቢት 2017 ዓ. ም. የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ የሚመለሱ አሉ። ደጁን እንደ ገና የሚከፍት ሐኪም ቤት ሁሉ አዲስ መዝገብ መግዛቱ አይቀርም። ሹማምንቱ የስም አጻጻፉን ደንብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ ደንቡንም ሲያወጡ በመስኮቱ የምትቀመጠውን ጸሓፊ አስቀርበው ይጠይቁ። ሥራው ከአንድ ቀን አይበልጥም።