ቻይንኛ ስንት ያወጣል?

«ቻይንኛ ተምሮ ምን ደመወዝ ይበላል?» ማለት በተማረው ወገናችን ዘንድ እንደ ብልኅነት መቈጠር ከጀመረ ሰነባብቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ክርክራችን ግን ከምሩቁ የወር ገቢ ፈቀቅ አላለም። እኔ ደግሞ ጠያቂዎቹን እጠይቃለሁ፦ ባለማወቃችን የምንከፍለውን ዋጋስ ማን አሰላው?

ንፋስ መውጫ ላይ ቻይናን ለማየት ፓስፖርት አያሻም። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የወረታ–ወልድያ መንገድ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1971 እ.ኤ.አ. ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በቻይና እርዳታ የተሠራ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድም በአብዛኛው በቻይና ብድር ተዘርግቶ በ2016 ተመረቀ። አገራችን በ2021 የዕዳ ሽግሽግ ስትጠይቅ፣ የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ ከፈረንሣይ ጋር በጋራ የመራችው ያችው ቻይና ናት።

ታዲያ ቋንቋውን የሚያውቀው ልጃችን የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በፎርማንና በቀን ሠራተኛ መካከል ቆሞ «ቶሎ በሉ»ን ይተረጉማል! የረከሰው ቻይንኛው ሳይሆን ምሩቁን ያስቀመጥንበት ስፍራ ነው። ቋንቋውን ከሕግ፣ ከምህንድስና ወይም ከፋይናንስ ጋር አጣምሮ የያዘ ሰው ከአንድ ትልቅ ብድር ወለድ ጥቂት ቢያስቀንስ፣ ለሕዝብ የሚያተርፈው ከዕድሜ ልክ ደመወዙ ይበልጣል።

የጋይንቷ ቤተልሔም ድጓ ለማስመስከር የሚመጣን ተማሪ ደመወዙን አትጠይቀውም፤ ሲያስመሰክር ግን የመምህርነት ወንበር ይጠብቀዋል። መንግሥትም ለቻይንኛ ምሩቁ በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ያዘጋጅለት። ዋጋውን ያን ጊዜ እንተምነው።