«እኔን ወይስ ቮልሷን?»

ዛሬ የማነሳላችሁ ደብዳቤ ከአሰቦት የመጣ ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ስትሆን እጮኛዋ ጋራዥ ውስጥ ረዳት መካኒክ ነው። ሁለቱ ለሠርጋቸው ብለው ሲጥሉት የቆዩት እቁብ ሲደርሳቸው፣ ልጁ ገንዘቡን ይዞ ሄዶ አሮጌ ቮልስ ገዛበት። አስፈቅዷት? ኧረ የት አባቱ! ከዚያም ጣራዋን ቆርጦ ጣለ፣ ወንበሮቿን አወጣ፣ ሞተሯን አውርዶ ፈታትቶ ገጠመ። አሁን «የእሽቅድምድም መኪና ሠርቻለሁ» እያለ ነው። ወሩ ሳይወጣ አንድ እሑድ ማለዳ አስፋልቱ ላይ ሊሞክራት አስቧል፤ እሷንም አጠገቡ ሊያስቀምጣት ይፈልጋል። «እናቴ ያበደ ሰው አታግቢ ትለኛለች። እኔን ወይም መኪናዋን ምረጥ ልበለው?» ስትል ትጠይቀኛለች።

የኔ እህት፣ ምረጥ አትበይው። እንዲህ የተባለ ወንድ «አንቺን ነዋ!» ይልና ማታ ማታ ተደብቆ ቡሎን መፍታቱን ይቀጥላል። ነገር ግን አጠገቡ አትቀመጪ። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ የሚወስደውን አስፋልትም ጨርሶ ይርሳው። «ማለዳ መንገዱ ጭር ያለ ነው» ይልሽ ይሆናል። አትስሚው! ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ የተሳቢ ሾፌር እንቅልፍ የሚጫነው በዚያው ሰዓት ነው። ጫት የጫነው አይሱዙ ከሰዓት ጋር እሽቅድምድም ይዟል። ግመልና ፍየል ደግሞ ዳር ዳሩን ይዘው አይሄዱም። ፍሬኗ መያዝ አለመያዙ ያልታወቀ መኪና እዚያ መሀል ይዞ መግባት ሙከራ አይባልም።

እንዲህ ስል ልጁ አብዷል ማለቴ አይደለም። እናትሽ ይቅር ይበሉኝና፣ በዚህ «እብደት» ዓለምን ያስጨበጨቡ ሰዎች አሉ። በቮልስ ሞተር፣ ካምቢዮና የፊት አክስል የሚሠራ «ፎርሙላ ቪ» የሚባል የእሽቅድምድም ዓይነት አለ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በይፋ ተፈቀደ። ሞተሩ 1200 ሲሲ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም መኪናቸውን የሚገጣጥሙት በየጓሯቸው ነው። ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲ ከወንድሙ ጋር ሆኖ እንዲህ ዓይነት መኪና ይሠራ ነበር። በኋላ በ1972 እና በ1974 እ.ኤ.አ. የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሆነ። እዚሁ ጎረቤታችን ዘንድም በ1954 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው ቮልስ ናት። በል እንግዲህ፣ ይህን ስታነብ ደረትህን እንዳትነፋ። የሕዝብ መንገድ የሙከራ ቦታ አይደለም።

ደብዳቤውን ይዤ ሰፈራችን ወዳለ ጋራዥ ሄድኩ። ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ አንድ ጋሼ አሉ። ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ጣራዋን ቆረጠ» የሚለው ጋ ስደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። «በምትኩ ምን ተከለ?» አሉኝ። ደብዳቤው ላይ ምንም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፦ መኪናዋ ብትገለበጥ ከራሱ በላይ ከፍ ብሎ የሚቆም፣ ከወለሉ ጋር በደንብ የተበየደ የወፍራም ብረት ቅስት ከሌላት፣ ከግቢ አትውጣ። የውኃ ቧንቧ አጉብጦ «ይኸው ሠራሁ» እንዳይልሽ። ቀበቶና የሞተር ብስክሌት ሄልሜትም ይጨመርበት። እሳት ማጥፊያም እንዲሁ፤ የቮልስ ቤንዚን ታንከር ከፊት፣ እግሩ አጠገብ ነውና።

ይህ ከተሟላ ቦታ ይፈለግ። ባለቤቱ ወይም ቀበሌው የፈቀደው፣ ሰውም ከብትም የማይገባበት ሰፊ ሜዳ። መኪናዋ እዚያ ድረስ ተጭና ትሂድ። በአሮጌ ጎማ ምልክት እያደረጉ አንድ ቀጥታ መንገድ፣ አንድ የቀኝና አንድ የግራ ኩርባ ያለው ዙር ማበጀት ይቻላል። መኪናዋ ከመስመር ብትወጣም የምትቆምበት ባዶ ቦታ በየጎኑ መተው አለበት።

አሁን ያንቺ ሥራ መጣ። ሙከራ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከሜዳው ዳር ርቆ ቆሞ ይጽፋል። ደብተርና የእጅ ሰዓት ያዢ። የጥፍር ቀለምሽንም አትርሺ። ልጁ እያንዳንዱን ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ፣ አንቺ ከዳዶው እስከ ቡሎኑ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ታሰምሪበታለሽ። ዙሩ አልቆ ሲቆም ታያለሽ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

መጀመሪያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሄዶ ፍሬን ይያዝ። ደጋግሞ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተች ወይም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ ሙከራው እዚያው ያበቃል፤ አየር ይወጣለታል ወይም ሸራው ይታያል። ቀጥሎ አምስት ዙር በዝግታ፣ ከዚያ ቆሞ ማየት። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስና በሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው፤ የአሰቦትን ሐሩር ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ዲናሞውንና የነፋሱን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ከበራች «ይቺን ዙር ልጨርስ» የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው።

የጎማ ነፋስ ሳይነዳ በፊት ይለካ፣ እንደቆመም ይለካ፤ ሲሞቅ ይጨምራል። ሁለቱንም ቁጥር ጻፊ። ፋብሪካው ራሱ የኋላው ጎማ ከፊቱ የበለጠ ነፋስ እንዲይዝ ነው ያዘዘው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው።

ጋሼ ረጅም ሰዓት የወሰዱበት የኋላ እግሯ ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች የኋላው አክስል እንደ ክንፍ ከመሀል ይወዛወዛል። ልጁ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብቶ ድንገት ደንግጦ ቤንዚኑን ቢለቅ፣ ኋላዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መኪናዋ ትሽከረከራለች ወይም ትገለበጣለች። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይጀምር፣ ቀጥታው ላይ ነው፤ ኩርባው ውስጥ እግር አይርበተበትም። አክስሉ ከልክ በላይ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያም ይደረግለታል። አሁንም ኋላዋ የሚያመልጥ ከሆነ የኋላው ሞላ ይለስልስ፣ ፊቱ ይጠንክር። ብዙ ጎረምሳ ግን ይህን ገልብጦ ኋላዋን ያጠነክርና «ለምን ዞረችብኝ?» ይላል።

እና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር! የጎማ ነፋስም አሞርዛተርም ካርቡራተርም ባንዴ ነክቶ ሰዓቷ ቢሻሻል፣ የትኛው እንደጠቀማት በምን ይታወቃል? አንዱን ለውጦ ሦስት ዙር፤ አንቺ ሰዓቱን ትጽፊያለሽ፤ ካልጠቀመ ወደነበረበት ይመለሳል።

የእቁቡን ገንዘብ በሙከራው ቀን አታንሺበት፤ የተናደደ ሰው አይነዳም። ሰኞ ማታ ግን ቡና አፍልተሽ ያንኑ ደብተር በመጨረሻው ገጽ ግለጪና የወሰደውን ብር ጻፊ፤ ከስሩ ደግሞ በየወሩ የሚመልሰውን እሱ ራሱ በእጁ ይጻፍ። ጽፎ ከፈረመ ለእናትሽ አሳያቸው።