ሁለት ክረምት የሚሻገር ቤት

ቤት ሊከራይ የወጣ ሰው ደላላውን የሚጠይቀው ነገር ዘወትር ሦስት ነው፤ ኪራዩ ስንት ነው? ውሃና መብራቱ እንዴት ነው? ከታክሲው መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው፤ የሚነቀፍባቸው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ከሦስቱ የሚበልጠውን አራተኛ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይኸውም «ይህ ቤት ሐምሌ ሲገባ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው።

በጥር ወር ሲያዩት ቤት ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ግድግዳው ደርቋል፤ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ግቢው ተጠርጓል፤ ፀሐይም በመስኮት ገብታ ወለሉን ታሞቀዋለች። ተከራዩ ደስ ብሎት ቀብድ ይሰጣል። ሰኔ ሲጋመስ ግን ጣራው ያንጠባጥባል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ከአልጋ ሥር የተቀመጠው የመጻሕፍት ሣጥን ይሻግታል። ያን ጊዜ ደላላውን መርገምና ባለቤቲቱን መውቀስ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ለተማሪ ወይም ሥራ ለጀመረ ጸሐፊ የቤት ኪራይ ከወር ገቢው ትልቁን ድርሻ የሚወስድ ወጪ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ለተከራይ የሚበጅ ሕግ ነው፤ በየጊዜው ዕቃ ተሸክሞ ከመንከራተት ያሳርፋል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ማለት መሆኑን አንርሳ። ቤቱን ያልመረመረ ሰው ከሁለት ክረምት ጋር በጭፍን ተፈራረመ ማለት ነው።

ምርመራው የመሐንዲስ ሥራ ነው ብሎ የሚፈራ ካለ አይፍራ። የቤት ጉድለት ዓይነቱ ብዙ ቢመስልም የአብዛኛው ምንጭ አንድ ነው፤ እሱም ውሃ ነው። ውሃው ከሰማይ ወርዶ መሬት እስኪገባ ድረስ በቤቱ ላይ የሚሄድበትን መንገድ የተከተለ ሰው ከጉድለቱ ብዙውን ያገኘዋል። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ የእጅ ባትሪና ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው።

እንግዲህ ከጣራው እንጀምር። የቆርቆሮ ክዳን ዝጎ ከመበሳቱ በፊት ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው በምስማሩ በኩል ነው። ደኅና አናጢ ምስማሩን የሚመታው ከፍ ባለው በቆርቆሮው ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም፤ ከምስማሩ ራስ ሥርም ክብ ጎማ ያደርግበታል። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፤ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ በዚህ ምክንያት ምስማሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየላላ ቀዳዳው ይሰፋል። ኮርኒስ በሌለው ቤት በቀን በሩን ዘግታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ፤ የብርሃን ነጥብ ከታያችሁ ውሃም በዚያው ይገባል። ዕድሳቱ ከባድ አይደለም፤ የላላውን ምስማር ነቅሎ ወፈር ባለና ጎማ ባለው መተካት ነው። ባለቤቱ ቆርቆሮውን እለውጣለሁ ካለ ደግሞ በገበያ የሚጠራው የጌጅ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል፤ ባለ 35ቱ ከባለ 28ቱ የሳሳ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ጠንካራ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ተታሏል።

ኮርኒስ ያለበት ቤት ጣራው አይታይም፤ ነገር ግን ኮርኒሱ ራሱ ምስክር ነው። ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ የመሰለ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ ክብ ካያችሁ ውሃ ደጋግሞ ገብቷል ማለት ነው። ክፍሉ በሙሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንዱ ጥግ ብቻ አዲስ ከተቀባም ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ቀዳዳው የግድ ከክቡ ትክክል በላይ ነው ብላችሁ ግን አትደምድሙ፤ ውሃ በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ካለ ቦታ ሊወርድ ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው አሸንዳው ነው። በሒሳብ እንየው። ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ የሚወርደው ውሃ 1,000 ሊትር ነው፤ ይህም ባለ 200 ሊትር አምስት በርሜል ይሞላል። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ፣ ያ ሁሉ በርሜል በየቀኑ ወዴት እንደሚደፋ ማየት የተከራዩ ፈንታ ነው። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ፣ ከመካከሉ ከረገበ፣ ወይም መውረጃ ቱቦው ከግድግዳው ሥር ካበቃ ውሃው የሚደፋው በቤቱ እግር ላይ ነው። አሸንዳውን ከግንቦት በፊት መጥረግና ውሃው ከቤቱ ራቅ ብሎ እንዲሄድ ቦይ መቅደድ ከዕድሳት ሁሉ ርካሹና ዋናው ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ከአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጎ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ጭቃ ቤት ሲባል አፍንጫውን የሚነፋ ሰው አለ፤ ይሁን እንጂ ጣራው ሰፋ ያለ፣ እግሩም በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ያለ የጭቃ ቤት ብዙ ዘመን ይኖራል። የሚጥለው ዕድሜው ሳይሆን እርጥበት ነው።

እርጥበት ወደ ላይ እንዴት ይወጣል ለሚል ሰው፣ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የማሳየውን ልንገረው። የኩራዝ ክር አንድ ጫፉን ውሃ ውስጥ ብንነክረው ውሃው ማንም ሳይገፋው በክሩ ወደ ላይ ይወጣል። እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ግድግዳም እንደ ክሩ ይጠጣል። ምልክቱም እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ መላጡ፣ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ጨው በልስኑ ላይ መውጣቱ፣ በጣት ሲያንኳኩትም ባዶ ድምፅ መስጠቱ ነው። ብዙ አከራዮች እዚያ ላይ ቀለም ይቀቡበታል፤ ወይም በጭቃው ላይ ወፍራም የሲሚንቶ ልስን ያለብሱታል። ቀለም ግን በሽታውን መሸፈኛ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሲሚንቶም ከጭቃው ጋር አብሮ ስለማይለጠጥና ስለማይኮማተር ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። ትክክለኛው ዕድሳት በመጀመሪያ ውሃውን በቦይ ከግድግዳው ማራቅ፣ ቀጥሎ የላላውን ልስን ፍቆ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ጭድ በገባበት በደንብ በቦካ ጭቃ መመረግ ነው።

እዚያው ጎንበስ እንዳላችሁ፣ እንጨት በሚታይበት ቦታ፣ በተለይ በበሩ መቃን እግር ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በካቻቢቴው ጫን አድርጋችሁ ሞክሩ። ብረቱ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ምስጥ ብርሃን ስለሚሸሽ በግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያህል የአፈር መንገድ ሠርቶ ይወጣል፤ መንገዱን ማፍረስ ብቻ አይበቃም፤ የተበላውን እንጨት መለወጥ ያስፈልጋል።

ስንጥቅን በተመለከተ ሁሉም አንድ አይደለም። በልስኑ ላይ ብቻ ያለ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያስደነግጥም። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እንደተንቀሳቀሰ ሊያመለክት ይችላል። በቦሌና በአቃቂ በኩል እንዳለው ያለ ጥቁር ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ቤትም ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ነገሩ የግንበኛ ሳይሆን የመሐንዲስ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት የሚከራይ ሰው ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም ሊል ይችላል። እርግጥ ኮንዶሚኒየም ምስጥ አይበላውም፤ ግን ውሃው ከሰማይ ሳይሆን ከላይኛው ፎቅ ይመጣል። የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስ፣ የቧንቧውን መጋጠሚያና የሽንት ቤቱን ዙሪያ በባትሪ ተመልከቱ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪው እየዞረ ከሆነ ውሃው በስውር ይፈሳል ማለት ነው።

በየትኛውም ቤት ቢሆን ውሃና ኤሌክትሪክ የተገናኙበት ቦታ ቀልድ አያውቅም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ፣ የጠቆረ ወይም የሚሞቅ ሶኬት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀጠለ ሽቦ ከታየ ቤቱ ቢያምርም በሙያተኛ ሳይሠራ አይገባበትም። የተቀረው ጉድለት ንብረት ያበላሻል፤ ይህኛው ነፍስ ያጠፋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወጣት እንኳ ሳይመረምር የሚፈራረምበት አንድ ምክንያት አለ፤ ይሉኝታ ነው። በዕድሜ የሚበልጡት እናት ቤታቸውን ከፍተው «ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» ሲሉት ጣራ ማንጋጠጥና ግድግዳ ማንኳኳት ነውር ይመስለዋል። ነገር ግን በአክብሮት የተጠየቀ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። «እማማ፣ ባለፈው ክረምት ጣራው አስቸግሮዎት ነበር?» ማለት ንቀት አይደለም። ጎረቤትን መጠየቅም ነገር ማነፍነፍ አይደለም። ደግሞም ብዙዎቹ አከራዮች በዚያች ኪራይ የሚተዳደሩ ሰዎች መሆናቸውን እናስብ፤ በሚያዝያ አንድ ምስማር የሚፈውሰው ቀዳዳ በነሐሴ ግድግዳ ሲጥል የሚጎዱት እሳቸውም ናቸው። ጉድለቱን አስቀድሞ የሚያሳያቸው ተከራይ ባለውለታቸው ነው።

በመጨረሻ፣ የተገኘው ጉድለት ሁሉ በወረቀት ላይ ይስፈር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ የትኛው ዕድሳት የማን እንደሆነም በውል ሊወሰን ይችላል። «ጣራው ይታደሳል» ከሚል ቃል ይልቅ «የጓዳው ጣራ ምስማሮች እስከ ግንቦት 30 ቀን በአከራይ ወጪ ይለወጣሉ» የሚል አንድ መስመር ይበልጣል። ፎቶግራፍ አንሥቶ ቀኑን ይዞ ማስቀመጥም በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። አዋጁ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚል፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁ ካለ ይህንኑ በትሕትና አስታውሱት።

ጉድለት የሌለበት ቤት ፈልጉ አላልሁም፤ በእኛ አቅም እንዲህ ያለ ቤት አይገኝም። የምለው ጉድለቱን አውቃችሁ ግቡ ነው። የታወቀ ጉድለት ዋጋ ያስቀንሳል፤ ቀጠሮ ይያዝለታል፤ በምስማርና በጭቃ ይድናል። ያልታወቀው ግን የመጀመሪያው ዶፍ በወረደ ሌሊት ራሱ መጥቶ ይነግራችኋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አናጢ አይገኝም።